ጌሾ ያልገባበት

ገበያነሽ ልጅቷ ክፍል ልትከራይ የመጣች መሰላት።

ቢመስላት አይፈረድባትም። የቆርቆሮ በሯ ላይ «የሚከራይ ክፍል አለ» የሚል ወረቀት ከለጠፈች ገና አራት ቀኗ ነበር። በእነዚያ አራት ቀናት አንድ የዞን ሠራተኛና አንዲት ነርስ አንኳኩተው፣ ሁለቱንም ክፍሉን ሳታሳያቸው «ነገ ተመለሱ» ብላ ሸኝታቸዋለች። ለምን እንደሸኘቻቸው ራሷም አታውቀውም። ይቺኛዋ ሦስተኛ መሆኗ ነው። ከባጃጅ ወርዳ የቀሚሷን አቧራ አራግፋ፣ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ማንኳኳቱን የፈራችው ይመስል በሩ ፊት ለፊት ቆማ አገኘቻት።

«ለብቻሽ ነሽ?» አለቻት ገበያነሽ።

«አዎ፣ ብቻዬን ነኝ።»

«እሱ ይሻላል። ግቢ።»

ልጅቷ አንድ ነገር ልትናገር አፏን ከፍታ ነበር፤ ገበያነሽ ግን ቁልፉን ከመቀነቷ እየፈታች ወደ ጓሮ ማምራት ጀምራለች።

«እንግዲህ አስቀድሜ ልንገርሽ። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው፣ ሞልተሽ ታስቀምጫለሽ። እኔ ጠላ እሸጣለሁ። ቅዳሜና እሁድ ሰው ይበዛል፤ ግን ሁሉም የማውቃቸው ናቸው፣ የቢሮ ሰዎችና ሾፌሮች። ፀሐይ ሳትጠልቅ አስወጣቸዋለሁ። የከሚሴን ሙቀት ደግሞ ካልለመድሽው መጀመሪያ ትቸገሪያለሽ። ከየት ነው የመጣሽው?»

«ከአዲስ አበባ።»

«ተመድበሽ ነው?»

እየጠየቀች የክፍሉን በር ከፈተች። ክፍሉ ውስጥ የሽቦ አልጋ፣ ጠረጴዛና ወንበር አሉ። ከአልጋው በላይ ግድግዳው በእርሳስ ጽሑፍ ተሞልቷል፤ ቁጥሮች፣ የእንግሊዝኛ ፊደሎች፣ ቀስቶች። ፈተና ሲያጠና ወረቀት ባለቀበት ቁጥር ግድግዳውን ደብተር ያደረገ ተማሪ የጻፈው ነው።

«ይሄን ኖራ አስቀባዋለሁ» አለች ገበያነሽ። «እሱን አትይው።»

«አይቀባ» አለች ልጅቷ።

ገበያነሽ ዞር ብላ አየቻት። ልጅቷ ወደ ግድግዳው ተጠግታ፣ ጣቷን ከአንዱ ቁጥር ላይ ሳታሳርፍ አቅርባ ይዛዋለች።

«አራትን እስከ መጨረሻው እንዲህ ነበር የሚጽፋት። ከላይ ክፍት አድርጎ። ሥራ ቦታ የእሱን መዝገብ ሳነብ ሁልጊዜ ከዘጠኝ ጋር ይምታታብኝ ነበር።» ድምፅዋ ወደ ታች ወረደ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ እትዬ። ቤት ፈልጌ አይደለም የመጣሁት። በሩ ላይ ልነግርዎት ነበር፣ ደፍሬ ሳልናገር ገባን። ልደት እባላለሁ።»

ገበያነሽ ቁልፉን እንደያዘች አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

ስሙን ታውቀዋለች። ልጇ ማስረሻ አንድ ቀን በስልክ «ልደት የምትባል ልጅ አለች፣ አንድ ጊዜ ይዣት እመጣለሁ» ብሏት ነበር። እሷም «መጀመሪያ የሰው ሥራ ያዝ» ብላ ስልኩን ዘጋችበት።

የሰው ሥራ ስትል ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚሠራውን ማለቷ ነው። ባሏ ባንተይርጋ የግብርና ቢሮ ሠራተኛ ሆኖ ከሚሴ ከመጣ በኋላ እዚሁ ሞቶ፣ አንድ ወንድ ልጅ ትቶላት ነበር። ያንን ልጅ በጠላ አሳደገችው። ማሽላውን ከጨፋ ሮቢት ገበያ ራሷ መርጣ ታመጣለች፣ ጋኑን በወይራ ታጥናለች፣ ለእንግዳ ከመቅዳቷ በፊት መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች። የገበያነሽን መዳፍ ያለፈ ጠላ ማንም ነቅፎት አያውቅም። ልጁ ግን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ኬሚስትሪ አጥንቶ፣ ሲመረቅ ዞሮ ዞሮ አዲስ አበባ አንድ ትንሽ ቢራ ጠመቃ ቤት ተቀጠረ።

«ጠላ ጠምቄ ያስተማርኩህ ጠላ ጠማቂ እንድትሆን ነው?» አለችው።

«እማ፣ የእኔው እኮ የወር ደመወዝ አለው» ብሎ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ከዕለታት አንድ ቀን ስለ በርሜሉ አወራላት። ፈረንጆች ለዓመታት ውስኪ ያስቀመጡበት የእንጨት በርሜል ነው። አለቃው ለምኖ ለምኖ አስመጥቶታል። ማስረሻ ጠንካራ ጥቁር ቢራ ራሱ ጠምቆ እዚያ ውስጥ ከድኖ ለስምንት ወር ሊያስቀምጠው ነው። እንጨቱ የጠጣውን ውስኪ ቀስ በቀስ ይመልሳል አላት።

«ውስጡ ደግሞ በእሳት የተለበለበ ነው። ጋን እንደምታጥኚው ማለት ነው፣ እማ።»

«ጠላ ስምንት ወር ተቀምጦ? ኮምጣጤ ነው የምታወጣው።»

«እሱን ቀምሰሽ ትፈርጃለሽ።»

ከስምንት ወር በኋላ አንድ ጠርሙስ በጋዜጣ ተጠቅልሎ በሚኒባስ ሾፌር እጅ መጣላት። አንገቱ ላይ ትንሽ ወረቀት ታስሮበታል፤ «ለእማ። ቀምሰሽ ንገሪኝ።» በሦስተኛው ቀን ደወለ።

«እህስ?»

«ጌሾው በዝቶበታል» አለችው።

ስልኩ ውስጥ ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሏት «ሃሎ» ስትል፣ «እሺ እማ» አለ። በቃ፣ ይኸው ነው። በሁለተኛው ወር ሥራውን ለቀቀ። በሦስተኛው ወር እሷን ሳይሰናበት ከከሚሴ ልጆች ጋር በጅቡቲ በኩል ወደ ሳውዲ መንገድ ጀመረ። ክርስቲያን ልጆች ለዚያ መንገድ የሙስሊም ስም ይይዛሉ፤ እሱንም ሪያድ ያለው የጎረቤቷ የአሻ ልጅ ሙሳ በስልክ «ሙህዲን በል» ብሎ ስም አወጣለት። ወደ የመን የምታሻግራቸው ጀልባ ስትሰምጥ በዝርዝሩ ላይ የተጻፈው ሙህዲን ስለነበረ፣ መርዶው ከሚሴ ደርሶ አንድ ወር ሙሉ ባለቤት አጣ። በኋላ ሙሳ ለእናቱ ደውሎ ነገራት፣ አሻም ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳታጠልቅ አጥሩን ዞራ መጣች።

ይህ ሁሉ ከሆነ ዓመት አልፎታል። አስከሬን አልመጣም። ገበያነሽ ክፍሉን ላከራየው ያለችው በሩን በከፈተች ቁጥር ግድግዳው ስለሚያያት ነው።

ልደት ከቦርሳዋ ውስጥ በሻርፕ የተጠቀለለ ጠርሙስ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አቆመችው።

«ከዚያ በርሜል የተረፈው ይሄ ብቻ ነው» አለች። «ማረፉን የሰማሁት ከሰባት ወር በኋላ ነው፣ ያውም ከሰው ከሰው። ወዲያው ልመጣ ነበር፤ ምን ብዬ በርዎን እንደማንኳኳ ግን ጨነቀኝ።» ሻርፗን ከጠረጴዛው አነሳች። «እትዬ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት፤ ልወቅስዎት ግን አይደለም። ይሄ ጌሾ የለበትም።»

ገበያነሽ ጠርሙሱን አየችው።

«ጌሾም፣ ሌላ የሚመር ቅጠልም አላስገባበትም። ሌሎቹ ሁሉ ሲያስገቡ እሱ ብቻ አልፈለገም። ጣፋጭ ነው፣ እንደ ማር ይወፍራል። የፈለገ ሰው ቢቀምሰው ብዙ እንከን ሊያወጣለት ይችላል፤ ጌሾ በዛ ግን አይልም።» ልደት ሻርፗን እያጠፈች ትዘረጋለች፣ እየዘረጋች ታጥፋለች። «ያን ቀን ስልኩን ዘግቶ አጠገቤ ተቀመጠና "አልከፈተችውም" አለኝ። "ልደት፣ እናቴ የእኔን ነገር ከፍታ እንኳ አላየችውም።" ከዚያ ወዲያ ልቡ ሥራው ላይ አልነበረም።»

ገበያነሽ ዓይኗን ከጠርሙሱ ላይ አላነሳችም። እጆቿ ጭኗ ላይ ናቸው፤ የግራው የቀኙን ይዞታል።

«አሁን እንኳ ይቅመሱለት» አለች ልደት። «ለእሱ ባይደርስም እውነቱን ለእኔ ይንገሩኝ። አንድ ሰው ይስማለት።»

ገበያነሽ ተነስታ ከቤት ሁለት ብርጭቆና መክፈቻ አመጣች። ቆርኪው ሲነቀል ቀጭን ድምፅ አሰማ። የሚፈሰው ነገር ጥቁር ነው፣ አረፋው ደግሞ የወተት ሻይ መልክ አለው። እንደ ልማዷ መጀመሪያ መዳፏን ሰበሰበችና ጠብ አድርጋ ወደ አፏ ወሰደችው።

ርጥበቱ ተሰማት። ከዚያ ውፍረቱ። ከዚያ ጉሮሮዋን ሲወርድ ትንሽ ሙቀት። ከዚያ በኋላ ምንም። ልክ እንደዚያን ጊዜው።

ልደት ፊቷን እያየች ትጠብቃለች። አዲስ አበባ ድረስ ይዛው የምትሄደው አንድ ቃል ነው የምትፈልገው፤ «ግሩም ነው» ማለት ለገበያነሽ አይከብዳትም። ያኛውንም ቃል እንዲሁ ነበር የወረወረችው። «ግሩም ነው» ብትላት ልጅቷ አመስግና፣ ጉንጯን ስማ ትሄዳለች፤ ቅዳሜም ጠላ ይቀዳል፣ ስሟም እንደ ድሮው ይቀጥላል።

«ጣዕም አይሰማኝም» አለች።

«ምን አሉኝ?»

«ጣዕምም ሽታም። ያ ኮሮና የሚሉት ከያዘኝ ወዲህ ነው። እግዜር ነፍሴን ሲተውልኝ እሱን ወሰደብኝ። ይመለሳል ብለውኝ ነበር። አልተመለሰም።» ብርጭቆውን ከፊቷ ገፋ አደረገችው። «ጨውና ስኳር ብታቀርቢልኝ በዓይኔ ካልሆነ አልለያቸውም። ይሄው ሦስት ዓመት አለፈ። ጠላ ደግሞ እሸጣለሁ። ሰው የሚመጣው ይቺን መዳፍ አምኖ ነው።»

ልደት የጠረጴዛውን ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ለልጄ እንኳ አልነገርኩትም። ምን ልበለው? ልጄ በዓለም ላይ አንድ ነገር ያምንልኝ ነበር፣ ምላሴን። ሥራውን ስነቅፍበት እንኳ በምላሴ አይከራከርም። ደውሎ "እህስ?" ሲል ድምፁ እንደ ትንሽ ልጅ ነበር። ጨነቀኝ። ጠማቂ ሲሳሳት የምንለው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ወይ ጌሾው በዛ፣ ወይ ጌሾው አነሰ። አንዱን መርጬ ወረወርኩለት። ባውቅ ኖሮ እኮ እውነቱን እነግረው ነበር፤ ስለማላውቅ...»

«አልከፈቱትም ነበር?»

ገበያነሽ ወጥታ ሄደች። ከመኝታ ቤቷ ስትመለስ ባዶ ጠርሙስ ይዛለች። አንገቱ ላይ ያቺ ወረቀት እንደታሰረች ናት።

«የመጣ ዕለት ነው የከፈትኩት። በሩን ቆልፌ። በመዳፌ ቀመስኩ፣ ምንም። በብርጭቆ ቀዳሁ፣ ምንም። እታች ዝቃጩ ላይ የሚቀር ነገር ይኖራል ብዬ ሙሉውን ጠጣሁት። አርባ ዓመት ስጠምቅ ሰክሬ አላውቅም፤ ያን ቀን በልጄ እጅ ሰከርኩ። ጠርሙሱን አፍንጫዬ ላይ ደቅኜ አለቀስኩ። አንዲት ነገር ብትሸተኝ ብዬ።»

ልደት ባዶውን ጠርሙስ ተቀብላ ወረቀቷን አነበበች። ከዚያ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። ድምፅ አልነበረውም ለቅሶዋ።

በዚህ መሀል ከግቢው ጩኸት ተሰማ።

«ገቤ! አካም ኦልቴ? እንዴት ዋልሽ? የት ገባሽ? ድፍድፍሽን ላሸትልሽ መጥቼ እንዲህ ነው የምትደበቂኝ? ነገ ጁምዓ ነው ሥራ አለብኝ!»

አሻ ናት። ሐሙስ ሐሙስ ትመጣለች። ሦስት ዓመት ሙሉ የገበያነሽ አፍንጫ የነበረችው እሷ ናት። ከሕመሙ በኋላ በመጀመሪያው ወር አንድ ቀን በአጥሩ በኩል «ገቤ፣ ያ ጋንሽ ኮምጥጦ እኔ ቤት ድረስ ይሸታል» ብላ ስትጮህ ገበያነሽ አልቅሳ ምስጢሯን ነገረቻት። አሻ በዕድሜዋ አንድ ጠብታ የሚያሰክር ነገር አልቀመሰችም፣ ለመስጊድ ጎረቤቶቿም ወሬው ቢደርስ መሳቂያ ነው የምትሆነው። ቢሆንም «አፍንጫ አይጠጣም» አለችና በየሳምንቱ ሻሿን አፏ ላይ ጠምጥማ፣ ጋኑ ላይ ጎንበስ ብላ «ገና ነው»፣ «ደርሷል»፣ «ወይኔ ገቤ ይሄ አለቀለት» ስትል ኖረች።

በሩ ላይ ስትደርስ የሚያለቅሰውን ሰው አይታ ድምፅዋ ወረደ።

«ማል ታቴ? ምን ሆና ነው?»

«ልደት ናት። የማስሬ ልደት።»

አሻ ሌላ አልጠየቀችም። ገብታ ልጅቷን አቀፈቻት። «አብሽሪ ልጄ፣ አብሽሪ። ኢንታላ ኮ፣ የእኔ ልጅ፣ ለምን ዘገየሽ? ስንጠብቅሽ ነበር እኮ» አለቻት፣ ማንም ሲጠብቃት እንዳልነበረ እያወቀች።

ልደት ትንሽ ስትረጋ፣ ገበያነሽ ብርጭቆውን አንስታ ለአሻ ዘረጋችላት።

«አሻ፣ ይሄን አሽትቺልኝ። እሱ የጠመቀው ነው።»

«ምንድን ነው?»

«ውስኪ የነበረበት በርሜል ውስጥ የከረመ ቢራ።»

«ያ ረቢ! ጠላሽ ሳያንሰኝ አሁን ደግሞ ውስኪ?» አሻ እጇን ወደኋላ ሳበች። «ወላሂ አንቺ ሴትዮ ጀሀነም ሳታስገቢኝ አትተይኝም።»

«አሽትቺ እንጂ ጠጪ ማን አለሽ?»

«እሱማ መች ጠፋኝ።» ብርጭቆውን ግን ተቀበለች። «የልጁ ባይሆን አልነካውም ነበር።»

ዓይኗን ጨፍና አፍንጫዋን አስጠጋች። ሁለቱም ያዩዋታል።

«ቴምር» አለች። «የረመዳን ቴምር፣ ካርቶኑ ሲከፈት እንደሚሸተው። ከዚያ... ድስት ውስጥ አሮ የቀረ ስኳር። ከስር ደግሞ ያ ሀራሙ አለ፣ ውስኪው መሆን አለበት፣ አፍንጫ ያቃጥላል። ደስ ይላል ግን። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ደስ ይላል።» ብርጭቆውን ልትመልስ ዘርግታ እንደገና ወደራሷ አቀረበችው። «ቆይ እስቲ።»

«ምን?»

«ገቤ፣ ይሄማ ያንቺ ጋን ነው።»

«ምን ማለትሽ ነው የእኔ ጋን?»

«ወይራ ነዋ! አጥነሽው ስትከድኚው የሚሸተው። ሐሙስ ሐሙስ አፍንጫዬን የምደቅንበት። ተኝቼ ብትቀሰቅሺኝ እንኳ አልስተውም።»

ገበያነሽ ወደ ልደት ዞረች። ልደት በቀስታ ራሷን ነቀነቀች።

«ከዚሁ ነው ያመጣው» አለች። «ለፋሲካ መጥቶ ሲመለስ በከረጢት ወይራ ይዞ መጣ። የበርሜሉን ክዳን አንስቶ ቢራውን ከመጨመሩ በፊት በወይራ አጠነው። አለቃችን "ውስኪዬን ልታበላሽብኝ ነው" ብሎ ጮኸበት። እሱ ግን "እናቴ የምታውቀው አንድ ነገር ይኑርበት" አለ። "ሌላውን ሁሉ ብትጠላው እንኳ፣ ይሄን ሳታነሳ አታልፍም" አለኝ። የደወለልዎትም እሱን ሊሰማ ነበር።»

ገበያነሽ ያን ፋሲካ አስታወሰችው። ወይራውን ፈልጣ፣ በገመድ አስራ የሰጠችው ራሷ ነበረች። «ደግሞ አዲስ አበባ ወይራ ለምንህ ነው?» ስትለው «ለሽታ» ብሎ ጉንጯን ስሟት ሚኒባሱ ላይ ወጣ። ዳግመኛ አላየችውም።

«አሻ» አለች።

«አቤት ገቤ።»

«እንደገና ንገሪኝ። ከመጀመሪያው።»

አሻ ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ፣ ዓይኗን ጨፍና ከመጀመሪያው ጀመረች። ቴምሩን፣ ያረረውን ስኳር፣ የሚያቃጥለውን፣ ከሁሉም በኋላ ወይራውን ነገረቻት። ስትጨርስ ገበያነሽ «አንድ ጊዜ ደግሞ» አለቻት፣ አሻም አንድ ጊዜ ደግሞ ነገረቻት።

ልደት ያን ቀን በማስረሻ አልጋ ላይ አድራ ጠዋት በሚኒባስ ተመለሰች። ገበያነሽ የኪራዩን ወረቀት ከበሩ ላይ ላጠችው። ቅዳሜ ደንበኞቿ መጥተው ሲቀመጡ በረንዳው ላይ ቆማ፣ ከሦስት ዓመት ወዲህ የምትሸጥላቸውን ጠላ ጣዕሙን እንደማታውቀው ነገረቻቸው። የአሻን ስም አላነሳችም። አራት ሰዎች ተነስተው ሄዱ። ለቀሩት መዳፏ ላይ ሳትቀምስ ቀዳችላቸው።